ሰው ያልኖረበት ቤት

ባለቤቴ ጥሩብርሃን የሰው ዕቃ ሲሰጧት እንደ እንቁላል ነው የምትይዘው። ጎረቤት ያዋሳትን ድስት ከራሷ ድስት አብልጣ ፈትጋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትመልሰው። አስተማሪ ናት። ዲላ ውስጥ ግማሹ ጎልማሳ ፊደል የቆጠረው በእሷ እጅ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ክፍል ውስጥ የወደቀ እርሳስ ካገኘች ባለቤቱ እስኪመጣ ጠረጴዛዋ ላይ ታቆየዋለች እንጂ ብትሞት አትጽፍበትም። ሰው ሁሉ በዚህ ያመሰግናታል። እኔም አመሰግናት ነበር። ከዚያ ወንድሟ ቤት ሠራ።

ቤቱ ከግቢያችን በር ሲገባ ፊት ለፊት ነው የሚታየው። በረንዳው ምሰሶ ያለው፣ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ሴራሚክ የለበሰ ቪላ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ሙቅ ውሃ አለው፤ ሳሎኑ ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጭኖ የመጣ ነጭ ሶፋ አለ። ከቪላው ጀርባ፣ በአጥሩና በጉድጓድ ሽንት ቤቱ መካከል፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ሰርቪስ አለ። ሰርቪሱ ውስጥ የምንኖረው እኛ ነን፤ እኔ፣ ጥሩብርሃንና ልጃችን ማርቲ። ቪላው ውስጥ የሚኖር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥሩብርሃን ታላቅ ወንድም ደጀኔ ስዊድን ነው የሚኖረው። እዚያ ቅዝቃዜው የሚበረታው እኛ ጋ ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው። ፀሐይ ብቅ የምትለው ለሰላምታ ያህል ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ልቡን ያስጨንቀዋል። ስለዚህ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ዲላ ላይ ቤት ይሠራል፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት እየመጣ ይሞቃል፣ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ እየቆየ ይሄዳል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ማንም አይቃወምም። ቦታው የአባታቸው ነበር፤ የኖርነውም በአባታቸው አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ያ ቤት ፈረሰ። ካርታው በደጀኔ ስም ዞረ፤ የሚያሠራው እሱ ነዋ። ጥሩብርሃን ድርሻዬ ሳትል ፈረመች። እኛም ሥራው እስኪያልቅ ብለን ሰርቪስ ገባን።

ሥራው አለቀ። ደጀኔ ለገና መጣ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሞቀ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ተበሳጨ፣ ትንኝ ነደፈው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ምክንያት እንቅልፍ አጣሁ አለ። ከዚያ ሄደ። መኪና ውስጥ ሊገባ ሲል እህቱን ሳማትና፣ «በይ ጥሩዬ፣ ቤቱን አደራ» አላት።

ይቺን ቃል ባይናገር ኖሮ የዛሬው ታሪክ አይኖርም ነበር። የጥሩብርሃን አባት የቡና ነጋዴ ነበሩ። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ቡናውን መጋዘናቸው አስቀምጦ፣ አደራ ብሎ ሄደና ሐዋሳ ታሞ ተኛ። ዋጋው ሲወጣ ይሽጡለት የሚል መጣ፤ አልሸጡም። ዋጋው ሲወድቅም ባለበት አቆዩት። ሰውየው ሲመለስ ከነማዳበሪያው፣ ከነስፌቱ አስረከቡት። ሰውየው ተደስቶ ይሁን ተናድዶ ማንም አያወራም፤ የሚወራው ማዳበሪያው አለመፈታቱ ነው። ጥሩብርሃን እንዲህ ባለ ሰው ቤት ነው ያደገችው። አደራ የተባለ ነገር ይጠበቃል፣ ይጸዳል፣ ይመለሳል። አይነካም።

ደጀኔ እንደሄደ ቪላውን ቆለፈችው። ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። እኔ ሰርቪሱን ለቀን እንገባለን ብዬ አልጋውን ፈትቼ ጨርሼ ነበር፤ መልሼ ገጠምኩት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የቪላው ቀን ሆነ። መስኮቶቹን ትከፍታለች፣ ሴራሚኩን ትወለውላለች፣ ቧንቧዎቹን ትከፍትና ትዘጋለች፣ ሽንት ቤቱን ውሃ ትለቅበታለች፤ እንዳይደርቅ። እኛ ጃንጥላ ይዘን ወደ ጉድጓዱ እንሮጣለን። የእኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ለማብቀል አንድ ሳምንት ይበቃዋል። ስለዚህ በዝናቡ ወራት ከሰል አቀጣጥላ ሳሎኑ መሃል ታስቀምጣለች፤ ሶፋው እርጥበት እንዳያገኘው። ለሶፋ ከሰል የምታነድ ሴት፣ ለእኛ ሲሆን ከሰል ተወደደ ትላለች። ሶፋው ደግሞ ከነላስቲኩ ነው። ፋብሪካው የለበጠበት ላስቲክ አንዲት ጥግ ሳትላጥ ዓመታት ኖረ።

ማርቲ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስታጠና ቆርቆሯችን ላይ የሚወርደው ዝናብ የራሷን ንባብ እንኳ አላሰማ አላት። «እማ፣ ሳሎኑ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ላጥና፤ ምንም አልነካም» ብላ ለመነቻት። «የሰው ቤት ነው ልጄ» አለቻት። የሰው ቤት! የእናቷ ወንድም፣ በአያቷ ቦታ ላይ፣ በእናቷ ተቆጣጣሪነት ያሠራው ቤት። እኔ ጪጩ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው የምሠራው፤ በመኸር ወቅት እሸት ቡና ከሚያመጣው ገበሬ ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ ስገባ የሚጠብቀኝ ሌላ ጭቅጭቅ ይሄ ነበር። እናገራለሁ፣ እቆጣለሁ፣ እሷ ዝም ትላለች። ከዝምተኛ ጋር መጣላት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ በኋላ ስለሚያስፈልግ። ደጀኔ ከዚያ ጉዞው በኋላ ተመልሶ አልመጣም፤ በቪዲዮ ሲደውል ደግሞ ስልኩ የሚሠራው ቪላው በረንዳ ላይ ብቻ ነበር፤ ሰርቪሱ ውስጥ ኔትወርክ የለም። እሱም ምሰሶዎቹን ማየት ይወዳል። ስለዚህ ጥሩብርሃን ከሰርቪስ ወንበር ተሸክማ ትሄዳለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታናግረዋለች። ስትጨርስ ወንበሩን ተሸክማ ትመለሳለች።

የማርቲ ሽማግሌዎች የመጡ ጊዜ ነው ክፉኛ ያፈርኩት። ልጁ የጪጩ ልጅ ነው፣ ጨዋ ቤተሰብ። ሽማግሌዎቹ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ጠርገው መጡ። በሩ ሲከፈትላቸው በቀጥታ ወደ ቪላው በረንዳ አመሩ፤ ማንም ሰው ያን ያደርጋል። ጥሩብርሃን ፈጠን ብላ፣ «በዚህ በኩል ነው አባቶቼ» አለችና በጓሮ በኩል አዙራ፣ ሸራ የወጠርንበት ሥር አስቀመጠቻቸው። ሽንት ቤቱ ከበስተጀርባቸው። ዝናቡም ቀን አልመረጠም፤ ወረደ። ሸራው ውሃ አቁሮ አበጠ፤ እኔ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር እየገፋሁ ውሃውን አፈሳለሁ፣ እነሱ የልጃችንን እጅ ይጠይቃሉ።

ከመካከላቸው ትልቁ ሽማግሌ ቪላውን አየት አደረጉና፣ «ይህ ትልቁ ቤት የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የወንድሜ ነው አባቴ። አደራ ነው» አለች ጥሩብርሃን።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኮታቸው ትከሻው ላይ ርሷል። «ጥሩ ነው፤ አደራ ጥሩ ነው» አሉና ወንበራቸውን ከሚንጠባጠበው ውሃ ትንሽ ፈቀቅ አደረጉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ደጀኔ ደወለ። ጥሩብርሃን እንደ ልማዷ ወንበሯን ተሸክማ በረንዳ ወጣች፤ እኔም ሰላም ልለው አጠገቧ ቆምኩ። ከጀርባው ሰማያዊ ባሕር ይታያል። የባሕሩ ዳር በሙሉ ነጫጭ ሕንፃ ነው፤ እሱ ሸሚዙን ከፍቶ፣ ባርኔጣ አድርጎ ይስቃል።

«ስፔን ነኝ ጥሩዬ! ቤት ገዛሁ!» አለ።

ጡረታ ወጥቷል። ስዊድን ያሉ ጓደኞቹ ሁሉ ብርዱን የሚያሳልፉት እዚያ ባሕር ዳር ነው። አውሮፕላኑ ጥቂት ሰዓት ነው፣ ሐኪም ቤቱ በእግር ይደረሳል፣ መብራት አይጠፋም። ዲላ ሩቅ ነው፤ ጉልበቱ አይችልም። ስልኩን እያዞረ ባዶ ሳሎን አሳየን፣ ትንሽ መኝታ ቤት አሳየን፣ ባሕሩን የሚያይ ሰገነት አሳየን። «መጋረጃው ምን ዓይነት ቢሆን ይሻላል? አንቺ ቤት ታውቂያለሽ» አላት። ጥሩብርሃን ፀሐዩ ከበዛ ወፈር ያለ ነው የሚሻለው አለችው። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ምንም ጥፋት የለበትም ብዬ አሰብኩ፤ የታመመ ጉልበት ያለው ሰው የሚሞቅበት ቦታ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል?

ከዚያ ግን ቀጠለ። «የዲላውን መሸጥ አለብን። ውክልናው አንቺ ጋ ነው፤ ደላላ ፈልጊ። ግቢው በሙሉ ይሸጥ።» ደግሞ ድምፁን አለስልሶ፣ «እናንተም ይህን ሁሉ ዓመት ኖራችሁበታል፣ ደስ ይለኛል። ቅር እንዳይላችሁ» አለ።

ኖራችሁበታል! ጆሮዬን አላመንኩም። ስልኩን ልነጥቃት እጄን ስዘረጋ ፊቷን አዞረች። «እሺ ጋሼ» አለችው፤ «እንኳን ደስ ያለህ» ብላም ጨመረች። ስልኩን ዘጋች፣ ወንበሩን አነሳች።

«ለምን አልነገርሽውም?» ጮህኩ።

«ምኑን?»

«ምኑን ትይኛለሽ? አንድ ቀን አላደርንበትም አትይውም?»

«ሙሌ፣ በደስታው ቀን? ቤት የገዛ ሰው ይመረቃል እንጂ ወቀሳ ይወርድበታል?» አለችና ወደ ሰርቪሱ ገባች። እኔ ግቢው መሃል ብቻዬን ስጮህ ቀረሁ፤ የጎረቤት ውሻ እንኳ ሰልችቶት ሄደ።

ይርጉ የሚባል ደላላ መጣ። ቪላው ውስጥ ገብቶ ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ በሮቹ ሲጢጥ አይሉም፣ ሶፋው ከነላስቲኩ። «ቲቸር፣ እውነት ማንም አልገባበትም? ሰው ያልኖረበት ቤት ነው ብዬ ልሸጠው?» አላት። «እውነት ነው፤ ወንድሜ ለአንድ ገና ካረፈበት በቀር ማንም አልኖረበትም» አለችው። ይርጉ ከዚያች ቀን ጀምሮ በየካፌው፣ በየመናኸሪያው፣ «ሰው ያልኖረበት ቪላ!» እያለ ዞረ። እኔ በሄድኩበት ሁሉ ያቺ ቃል ትከተለኝ ነበር።

ገዢ ወዲያው ተገኘ። ፈለቀ የሚባል የፍስሐ ገነት ቡና ነጋዴ ነው፤ ልጆቹን ዲላ ሊያስተምር ቤት ይፈልግ ነበር። ከሚስቱ ከሀኒ ጋር መጣ። እሱ ጣራውንና አጥሩን አየ፤ እሷ እያንዳንዱን ክፍል ገብታ አየች። ስትወጣ ሰርቪሱ በር ላይ ቆመች። ያልተነጠፈውን አልጋችንን፣ ከጣራው የሚንጠባጠበውን ውሃ የምንቀበልበትን ባልዲ፣ ግድግዳው ላይ የማርቲን የምረቃ ፎቶ አየች።

«እናንተ እዚህ ነው የምትኖሩት?» አለች።

«አዎ» አለች ጥሩብርሃን።

ሀኒ ቪላውን ዞር ብላ አየች፣ እንደገና ሰርቪሱን አየች። የሆነ ነገር ልትጠይቅ ነበር፤ ተወችው። ቀብድ ተሰጠ። ከጥምቀት በኋላ ግቢውን ለቀን እንድንወጣ ተስማማን። የት እንደምንሄድ የጠየቀን የለም፤ እኛም አናውቅም ነበር።

ይርጉ ለደጀኔ የቤቱን ቪዲዮ ልኮለት ኖሮ፣ በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ጥሩብርሃን በረንዳ ላይ ናት፤ እኔ ሥራ ልሄድ ጫማዬን አስራለሁ።

«ጥሩዬ፣ ሶፋው ላይ ያለው ላስቲክ ምንድነው? አዲስ ገዛሽ እንዴ?»

«የድሮው ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ላይ ነበር የምትቀመጡት?»

ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። በቃኝ። ስልኩን ከእጇ ወሰድኩት። ሰላምታም አልሰጠሁት፤ እያሳየሁት በጓሮ ዞርኩ። ጣራውን፣ ባልዲውን፣ ሸራው የታሰረበትን ችንካር፣ ጉድጓዱን ጭምር አሳየሁት። ምስሉ ተቆራረጠ፤ ወደ በረንዳው ተመለስኩ። «አየህ ደጀኔ? እኛ የምንኖረው እዚያ ነው። ቪላህ ውስጥ አንድ ቀን አላደርንም፤ አንድ ቀን!» አልኩት።

 ከጀርባው ባሕሩ ይሰማል። ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅኩ፤ ያለቅሳል ብዬም ጠበቅኩ።

«ታዲያ ማን ከለከላችሁ?» አለ።

ጥሩብርሃን ስልኩን መልሳ ተቀበለችኝ። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ በወንድሟ ላይ ሲነሳ ሰማሁ። «አደራ አልከኝ እኮ ጋሼ! እዚህ ቆመህ፣ መኪናው ተነስቶ፣ አደራ አልከኝ!»

«እንዴ ጥሩዬ! እሱማ ሲለያዩ የሚባል ነው። ጠብቂው አልኩ እንጂ አትኑሪበት የሚል ቃል ወጣኝ? በደወልኩ ቁጥር በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብለሽ ሳይሽ የምትኖሪበት ነበር የሚመስለኝ። ምናለ ብትነግሪኝ? አሁንማ እዚህ የቤቱን ቀሪ ክፍያ ልከፍል ቃል ገብቻለሁ፣ ምን ማድረግ እችላለሁ?»

እሱ እውነት አለው፤ እሷም እውነት አላት። ይሄ ነው ያቃጠለኝ። የሚመታ ሰው ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

«ተነሺ፤» አልኳት፣ «ባለቤቱ ማን ከለከላችሁ ብሏል። ዛሬውኑ እንገባለን። እስከ ጥምቀት እንኳ እንደ ሰው እንኑር። ሙቅ ውሃ ታጠቢ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጪ።» አልጋውን ልፈታ መፍቻዬን አነሳሁ።

«አይሆንም» አለች።

«ለምን?»

«ይርጉ ለፈለቀ ሰው ያልኖረበት ቤት ነው ብሎታል። ሰውየውም ያን ሰምቶ ነው ቀብድ የሰጠው። አሁን ብንገባ ይርጉን ውሸታም ልናደርገው ነው?»

በሩ ላይ ቆማ የምትሰማን ማርቲ ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ከዚያ ስትስቅ እንባዋ መጣ። እኔ መፍቻውን ከአጥሩ ማዶ ወረወርኩት። እስካሁን አላገኘሁትም።

ጥምቀት አለፈ። ዕቃችን በአንድ ጋሪ አለቀ። በመጨረሻው ቀን ጥሩብርሃን ቪላውን ከላይ እስከ ታች ወለወለችው፤ ለሰው የተሸጠ ቤት! ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ ለሀኒ ሰጠቻት። ሀኒ ቁልፉን ተቀበለች እንጂ አልለቀቀቻትም፤ እጇን ይዛ ወደ ሳሎን አስገባቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሶፋውን ላስቲክ ከጥጉ ያዘችና ቀደደችው። ድምፁ ባዶውን ቤት ሞላው። ጥሩብርሃን ሰው የመታት ያህል ደነገጠች።

«ይቀመጡ እንጂ ቲቸር» አለች ሀኒ።

ተቀመጠች። በእንግድነት። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጫፉ ላይ ቁጭ ብላ ጨርቁን በመዳፏ ዳሰሰች። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ለስላሳ ነው ሙሌ» አለች። እኔ መስኮቱን አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ የተናደድኩት ግን በማን እንደሆነ ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቅም።

አሁን ወደ ጪጩ በሚወስደው መንገድ ዳር ቤት ተከራይተን ነው ያለነው። ማርቲ ተድራ ወጥታለች። ይሄም ቤት ያፈሳል። የማርቲን ፎቶ ልሰቅል ሚስማር ሳነሳ ጥሩብርሃን መዶሻውን ትይዝብኛለች፤ የሰው ግድግዳ ነው ብላ። ፎቶው እስካሁን ወለል ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ሰሞኑን፣ ኅዳር ገባ ሲል፣ ደጀኔ ደወለ። ብርዱን ሸሽቶ ስፔን ገብቷል። ተቆጥቷል፤ ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰም።

«ጉድ ሆንኩ ጥሩዬ! ወደ ስዊድን ስመለስ ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ ናት፣ አበባ እንድታጠጣልኝ። ስመጣ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ከነልጆቿ ስትኖርበት ከርማለች! አልጋዬ ላይ ስትተኛ፣ ሰገነቴ ላይ ስትበላ! ሶፋው ጎድጉዷል! ሰው እንዴት አያፍርም? እንዳንቺ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?»

ጥሩብርሃን ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ያዘችው። እሱ እዚያ ሆኖ፣ «ሃሎ? ጥሩዬ?» ይላል። ውጪ ዝናቡ ጀምሯል። ወለሉ ላይ የቆመውን የማርቲን ፎቶ አየች፣ ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ታዲያ ጋሼ፣» አለችው ቀስ ብላ፣ «ማን ከለከላት?»

ስልኩን ዘጋችና ባልዲውን ልታስጠጋ ተነሳች።